ጋሽ አስቻለው ሦስቱን ሚያሺታዎች ያስታረቁበት ቅዳሜ

«ወንዝ ማዶ» ምግብ ቤት ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር በተከፈተ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ጄኔሬተሩ በተገዛ በአራተኛው፣ ከፊት ለፊት ያለው ፎቅ መሠረቱ ተቆፍሮ አቧራው በሰፈሩ ሁሉ ላይ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ለምሳ በቀረበ ጊዜ፣ ኃያሉና ርቱዐ አንደበቱ፣ የጥብስ ጌታ፣ የአዋዜ መምህር፣ ግርማቸው ከደጅ የሚቀድማቸው፣ ወገባቸው ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ የሚያስቸግራቸው ጋሽ አስቻለው፣ ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ የአንድ አባት ልጆችን ሊያስታርቁ ታጥቀው ተነሡ። የሆነውም እንደዚህ ነው።

በእንተ ሠራዊቶሙ፤ በዚያ ዘመን ከጋሽ አስቻለው ጋር የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ በወጥ ቤቱ ላይ የሠለጠኑት ባለቤታቸው እትዬ እህተማርያም፣ በርበሬውን በዓይናቸው የሚመዝኑ፣ ባላቸውንም እንዲሁ፤ የአሳላፊዎች አለቃ ልጃቸው ሮሃ፣ ናይሮቢ ያደገች፣ በአማርኛ ተቆጥታ በስዋሂሊ የምትስቅ፤ የበሩ አጋፋሪ ዘበኛው ሙቱኩ፣ እንግዳውን ሁሉ «እንደምን አደሩ» እያለ ቀትርም ቢሆን የሚቀበል፤ ሁለት ሳህን አጣቢዎች፤ አንዲት ድመትም ነበረች፣ ሹመት ግን አልተሰጣትም።

ለዘመቻው ምክንያት የሆነው የሟቹ ታላቅ ወንድማቸው ልጅ ኪሩቤል ነው። ኪሩቤል በሳውዝ ሲ ሰፈር የሚኖሩትን የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ የአቶ ባልቻን ልጅ ሚዛንን ወደደ፤ እርሷም ወደደችው፤ ቀሪው የሽማግሌ ሥራ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሎች ሄደው ልጅቱን እንዲጠይቁ ቀጠሮ ተያዘ። ሁለቱ ያለ ክርክር ታወቁ፤ አንዱ አቶ ጫላ ሲሆኑ፣ የሽማግሎቹ አለቃ ደግሞ አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ጎልምሰው፣ ናይሮቢ ላይ የሸበቱት ጋሽ ገብረንጉስ ነበሩ። ሦስተኛውን ወንበር ጋሽ አስቻለው ለራሳቸው ቆርጠውት ሳለ፣ ጋሽ ገብረንጉስ በሰው ፊት እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«የተጣላ ያላስታረቀ ሰው፣ ልጅ ስጡን ብሎ ሰው ደጅ አይቆምም። አስቻለው እስከ ቅዳሜ ምሽት አንድ እርቅ፣ አንድ ብቻ፣ በዓይኔ ያሳየኝ። ያለዚያ ሦስተኛው የዕድሩ ጸሐፊ አቤል ነው።»

ይህ አዋጅ ያለ ምክንያት አልወጣም። ጋሽ አስቻለው ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ዘምተው ሦስት ጊዜ ተመልሰዋል። በመጀመሪያው ዘመቻ ሁለት ሸሪኮችን ሊያስታርቁ ገብተው፣ አንዱ በፊት በር ሌላው በጓሮ በር ወጣ፤ ሁለቱም ዳግመኛ «ወንዝ ማዶ» አልበሉም። በሁለተኛው የፓርክላንድስ ሰፈር ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው ታርቀው ከእሳቸው ጋር ተጣሉ። የሦስተኛውን እትዬ እህተማርያም እንዳይነሣ አዘዋልና ዝም ተብሏል።

ነገር ግን ጋሽ አስቻለው አዋጁን በሰሙ ጊዜ አንጀታቸው ቆሰለ። ኪሩቤልን የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ በአውቶቡስ ጭናቸው ላይ አስተኝተው ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ወንድማቸው አልጋ ላይ ሆኖ «ልጄን እንደ አባት ቆመህ ትድርልኛለህ» ያላቸውም እሳቸውን እንጂ የዕድሩን ጸሐፊ አልነበረም። ልጁ ሚስት ሲጠየቅለት አጎቱ ቤት ተቀምጠው ቴሌቪዥን ሊያዩ ነው። ይህን ባሰቡ ቁጥር እህል አልወርድ አላቸው፤ ጥብስ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይወርድ ነበር።

ወእምዝ፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ጋሽ አስቻለው የምግብ ቤታቸው ማስታወቂያ መውጣቱን ሊያዩ ጋዜጣ ገዙ። ከማስታወቂያው በላይ ሦስት ፎቶግራፎች ተደርድረው አገኙ። አንደኛው ኬንጂ ሚያሺታ፣ የማራቶን ሯጮች አሠልጣኝ፤ ሁለተኛው ዶክተር ዩታካ ሚያሺታ፣ የስምጥ ሸለቆን እሳተ ገሞራ የሚያጠኑ ሊቅ፤ ሦስተኛዋ ሃሩኮ ሚያሺታ፣ ቫዮሊናቸው በየአገሩ የተጨበጨበለት እመቤት። ሦስቱም ጃፓናውያን፣ ሦስቱም ዝነኞች፣ ሦስቱም በዚያ ሳምንት ናይሮቢ። ጽሑፉ ስለ ስማቸው መግጠም ብዙ ይተርክ ነበር፤ ነገር ግን ፊደሉ ደቃቅ፣ መነጽሩም ወጥ ቤት የተረሳ ስለ ነበር፣ ጋሽ አስቻለው ፎቶውንና ስሙን ብቻ አንብበው ጋዜጣውን አጠፉት። ይህ ሚያሺታ የሚባል ሰውዬ ልጆቹን ምን እያበላ ቢያሳድግ ነው፣ አንዱ የሯጭ አለቃ፣ አንዱ ሊቅ፣ አንዷ የዜማ እመቤት የሆኑለት ብለው ተደነቁ፤ አባትየውንም መረቁ።

እዚህ ላይ የጋሽ አስቻለው ሃይማኖት ይገለጥ። ሰው ሁለተኛ ስሙ አባቱ ነው፤ በሁለተኛ ስም የተካፈሉ ሰዎችም የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ አለቀ። በዚህ አገር በኖሩባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት «ሰርኔም»፣ ማለትም የቤተ ሰብ ስም፣ የሚል ሣጥን ያለበትን ፎርም ሁሉ ሲዋጉ ኖረዋል። አንድ የቢሮ ጸሐፊ እትዬ እህተማርያምን በባላቸው አባት ስም በጠራ ጊዜ፣ ሚስቴን እኅቴ አደረጋት ብለው ቢሮውን እስኪዘጋ ድረስ አላሠሩትም። ፈረንጅ በዚህ ነገር መንገድ እንደ ሳተ ያውቃሉ፤ ጃፓን ግን ንጉሠ ነገሥት ያለው ጥንታዊ አገር ነውና እንደ እኛው በአባቱ ይጠራል ብለው ካመኑ ቆይተዋል። ማንም አልነገራቸውም፤ እሳቸውም ማንንም አልጠየቁም።

አርብ ዕለት ስልኩ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሦስቱም ዝነኞች ፎቷቸውን ሊያዩ ጋዜጣውን ገልጠው ኖሮ፣ ከፎቷቸው በታች ያለው የጥብስ ሥዕል ሆዳቸውን አባብሎት ነበር። ሮሃም በቀጠሮ መዝገቡ ላይ «ሚያሺታ፣ አንድ ሰው፣ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ያንኑ ጻፈች፤ ከዚያም ሥር ያንኑ ደገመች። ጋሽ አስቻለው መዝገቡን ባዩ ጊዜ ሦስቱን መስመር በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። የአንድ አባት ልጆች፣ በሰው አገር፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ ሰዓት፣ በሦስት ጠረጴዛ! የአባታቸውን ቤት ሲካፈሉ ተጣልተው መሆን አለበት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በእንባው ውስጥ ግን ደስታ ነበረበት፣ እርቅ በእግሯ መጥታላቸዋለችና። ወዲያው ለጋሽ ገብረንጉስ በስልክ የምሳ ግብዣ ላኩ፤ ሠራዊታቸውንም ሰብስበው አወጁ፦

«የወንዝ ማዶ ሰዎች ሆይ፣ ወጥ ቤት ያለሽ ውጪ፣ ደጅ ያለህ ግባ! ነገ በሰባት ሰዓት የሚያሺታ ልጆች ወደዚህ ቤት ይገባሉ። ተኳርፈዋል። ሳይታረቁ ከዚህ ቤት አንዳቸውም አይወጡም። ሙቱኩ በሩን ይያዝ። ጥብሱ ለስላሳ ይሁን፤ የተቆጣ ሰው ጥርሱ አይችልም።»

ሮሃ ይህን በሰማች ጊዜ ወንበር ላይ ወጥታ የመልስ አዋጅ አስነገረች፦

«አባዬ፣ ፕሊዝ! ሰርኔም እኮ ነው! ፋሚሊ ኔም! ናይሮቢ ውስጥ ስንት ካማው አለ፣ ሁሉም ብራዘርስ ናቸው እንዴ? ሃፓና፣ አይደሉም! ሰዎቹ አይተዋወቁም፤ ላንች ሊበሉ ነው የሚመጡት፤ ጄስት ላንች!»

ጋሽ አስቻለው ካማው የሚባሉት ሁሉ የአንድ ካማው ልጆች መሆናቸውን፣ ሰውየውም ጎበዝ እንደ ነበረ አስታውቀው አዋጇን ሻሩት። ሮሃም «ሃያ፣ ሻውሪ ያኮ!» ብላ ከወንበሩ ወረደች፤ ይኸውም በአገሩ ቋንቋ እንግዲህ የራስህ ጉዳይ ማለት ነው። እሳቸው ግን ፈቃድ አድርገው ቆጠሩት።

ቅዳሜም ሆነ። በስድስት ሰዓት ተኩል ጋሽ ገብረንጉስ ከነምርኩዛቸው ገብተው መካከለኛው ጠረጴዛ ላይ ዳኛ ሆነው ተቀመጡ። በሰባት ሰዓት አሠልጣኙ ሚያሺታ ገብተው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፣ በእጃቸው ያለውን ሰዓት ሁለት ጊዜ እያዩ። ከደቂቃ በኋላ ሊቁ ሚያሺታ ገብተው በግድግዳው ጥግ ደብተራቸውን ዘረጉ። ከዚያም እመቤት ሃሩኮ ገብተው ቫዮሊናቸውን ለብቻው ወንበር ላይ አስቀምጠው ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጡ። አንዳቸውም አንዳቸውን አላዩም፤ ዓይናቸው ምግብ ዝርዝሩ ላይ ነበር። ጋሽ አስቻለው ግን ይህን ባዩ ጊዜ፣ የእናት ልጅ እንዲህ ሲጨካከን ማየት አቃተኝ ብለው ፊታቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

የመጀመሪያው ጦርነት በጥብስ ሆነ። ጋሽ አስቻለው አንድ ሳህን ጥብስ እየጨሰ ይዘው ወደ አሠልጣኙ ሄዱና ጣታቸውን ወደ ሊቁ ዘርግተው «ፍሮም ብራዘር!» ሲሉ አወጁ። አሠልጣኙ የማያውቁት ሰው ምሳ እንደ ጋበዛቸው በተረዱ ጊዜ ደንግጠው ተነሡና ወደ ጥጉ እጅ ነሡ። ሊቁም ሰው እጅ ሲነሣቸው ዝም ማለት ነውር ነውና ተነሥተው እጅ ነሡ። ጋሽ አስቻለው ሁለተኛውን ሳህን ለሊቁ ከእኅታቸው፣ ሦስተኛውን ለእመቤት ሃሩኮ ከአሠልጣኙ አደረሱ፤ መነሣትና ማጎንበስ ሆነ። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይነሣል፤ የተቀመጠው የተነሣውን አይቶ እንደገና ይነሣል። ጋሽ ገብረንጉስ በጣታቸው ቆጥረው እጅ መንሻው አሥራ አራት እንደ ደረሰ መስክረዋል። ሳህን አጣቢዎቹም ሥራቸውን ጥለው ሊያዩ ወጡ።

ወእምዝ፣ ጋሽ አስቻለው ልባቸው በተስፋ ሞላ፤ ነገር ግን እርቅ ያለ ድንጋይ አይጸናም። በአገራችን ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ፊት ይወድቃል። ከሦስቱ በዳዩ የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም፣ ለመጠየቅም ቋንቋ የለም። ስለዚህ ጋሽ አስቻለው እስከ ዛሬ ሽማግሌ ያላደረገውን አደረጉ፤ የሦስቱንም በደል ራሳቸው ሊሸከሙ ወጡ፤ የጓሮውን በር ነፋስ እንዳይዘጋው የሚይዘውን ጥቁር ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ ጫኑ፤ ጎንበስ ብለውም ወደ አዳራሹ መካከል ገቡ። እትዬ እህተማርያም ከወጥ ቤት መስኮት «ወገብህን!» የሚል አጭር አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ግን ዘገየ፤ ወገባቸው እንደ ጎበጠ ቀርቷል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም።

በዚያች ሰዓት ሦስቱ ሚያሺታዎች አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ተጭኗቸው ሲያቃስቱ አይተው ከሦስት ማዕዘን ዘለሉ። አሠልጣኙ በሩጫ ቀደሙ፤ ሊቁ ድንጋይ መያዝ ሥራቸው ነውና በዘዴ ያዙ፤ እመቤት ሃሩኮ በእነዚያ በተከበሩ ጣቶቻቸው ከሥር ደገፉ። ስድስት እጅ በአንድ ድንጋይ ላይ ሆነ። ጋሽ አስቻለው ይህን ከታች ሆነው ባዩ ጊዜ በደሉን ለሦስት ተካፈሉት ብለው ደስ አላቸው፤ ድንጋዩ መሬት ሲያርፍም የሦስቱን እጅ ሰብስበው እርስ በርሱ አስጨበጡ። አሠልጣኙም ለወጉ ስማቸውን ሰጡ፤ ሚያሺታ አሉ። ሊቁ ዓይናቸው ፈጦ ሚያሺታ አሉ። እመቤት ሃሩኮ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሚያሺታ አሉ፤ ወዲያውም የጋዜጣው ነገር ትዝ ብሏቸው ሦስቱም ሳቁ፣ ትከሻ ለትከሻ እስኪደጋገፉ ሳቁ። ጋሽ አስቻለው የአባታቸውን ስም እየጠሩ ማሉ ብለው አለቀሱ፤ ከወጥ ቤት እልልታ ቀለጠ፤ ባልታወቀ ምክንያት ሙቱኩም «እንደምን አደሩ!» እያለ አጨበጨበ።

ገና እልልታው ሳይበርድ፣ በሩ ላይ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ታዩ፤ ነጭ ባርኔጣ አድርገው፣ ያቺኑ ጋዜጣ በአራት አጥፈው በብብታቸው ይዘዋል። ሙቱኩ ማን እንደ ሆኑ በስዋሂሊ ቢጠይቃቸው ማሳኦ ሚያሺታ ነኝ አሉ። ጋሽ አስቻለው ይህን ሲሰሙ የወገባቸውን ነገር ረስተው መሬት ተነጠፉ፤ የሽማግሌውን ጉልበት ይዘውም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አባታቸው መጡ! ሚያሺታ ራሳቸው! አባት በሕይወት እያለ ምን ዓይነት የውርስ ጠብ ነው? ልጆች ሆይ፣ ኑና አባታችሁን ሳሙ!»

ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። በዚህ ጊዜ ነበር ሮሃ ትሪውን ጥላ የመጣችው፤ ሽማግሌውን በስዋሂሊ ጠየቀች፣ ሦስቱን በእንግሊዝኛ ጠየቀች፤ ከዚያም በአማርኛ፣ በጋሽ ገብረንጉስ ፊት፣ አወጀች፦

«አባዬ፣ አዝናለሁ። እኚህ ሰውዬ የማንም አባት አይደሉም። ፓርክላንድስ ሠላሳ አራት ዓመት የውሃ ፓምፕ ሲጠግኑ የኖሩ፣ አሁን ሪታየር ያደረጉ ሰው ናቸው። ሚስትም ልጅም የላቸውም። ጋዜጣ ላይ ስማቸውን የያዙ ሦስት ሰዎች አይተው፣ ምናልባት እዚህ ብበላ አንዳቸውን አገኝ ይሆናል ብለው ነው የመጡት። እነሱም አልተጣሉም። ዛሬ ነው የተያዩት። ሚያሺታ የሚባል ሰው አገራቸው ሙሉ ነው።»

ጋሽ አስቻለው ከመሬት ቀና ብለው ወደ ጋሽ ገብረንጉስ አዩ፣ ከዚያም ወደ ድንጋዩ። ያልተጣላ ሰው አስታርቀዋል። አራተኛው ሽንፈት ከሦስቱ ሁሉ የከፋ ሆነ፤ የዕድሩ ጸሐፊ አቤል ነገ በአዲስ ኮቱ ሳውዝ ሲ ሲገባ ታያቸው፤ ወንድማቸውም በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ታያቸው። አፈሩ። እንዲያው አፈሩ፣ ሌላ ቃል የለውም።

ሽማግሌው ማሳኦ ግን ዝቅ ብለው ከጋሽ አስቻለው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በፓርክላንድስ ስዋሂሊ ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሮሃም ተርጉማ ለሕዝብ አሰማች፦

«በሠላሳ አራት ዓመት አባት ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ካልከበዳቸው፣ እስከ ምሳው ማብቂያ ድረስ ብቻ፣ አይታረምብኝ።»

እመቤት ሃሩኮ ይህ ሲተረጎምላቸው የእጃቸውን መሐረብ ፈለጉ። ሊቁ አራት ወንበር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አደረጉ። አሠልጣኙ ሽማግሌውን ደግፈው አስነሡና በላይኛው ወንበር አስቀመጧቸው፤ ጥብሱን ከሦስት ሳህን ወደ አንድ ትሪ ገለበጡት፤ በላይኛውም ወንበር ላይ ላሉት ትልቁን ሥጋ መርጠው ሰጡ። እንዴት እንደሚጎረስም ሮሃ አሳየቻቸው።

ያን ጊዜ ጋሽ ገብረንጉስ ምርኩዛቸውን ሁለት ጊዜ ወለሉ ላይ መትተው ተነሡ። እንዲህም ሲሉ ፈረዱ፦

«እኔ ገብረንጉስ በሦስት ከተማ ስንቱን አስታርቄአለሁ። ወንድማማች ማስታረቅ አላቃተኝም፤ ድሮውንም ወንድማማች ናቸው። ይህ ሰው ግን የማይተዋወቁ አራት ሰዎችን ዘመድ አድርጎ ሲያበቃ አየሁ። እስቲ ነገ ወደ ባልቻ ቤት የምንሄደው ለምንድን ነው? የተጣላ አለን? ባዳውን ሰውዬ ዘመድ ሁነን ብለን ልንለምን አይደለም? አቤል ቤቱ ይቀመጥ። አስቻለው ይሄዳል። ፊት የሚናገረውም እሱ ነው።»

የዚያን ቀን ደስታ ብዕር አይችለውም። እመቤት ሃሩኮ ቫዮሊናቸውን አወጡ፤ አሠልጣኙ እስክስታ ለመማር ሞክረው አንገታቸውን አመማቸው፤ እትዬ እህተማርያም ከወጥ ቤት ወጥተው፣ የባላቸውን ወገብ በቅቤ እያሹ፣ ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት አመሰገኗቸው። ድመቲቱም የአሠልጣኙን ጥብስ በላች።

እሑድ ጋሽ አስቻለው በሳውዝ ሲ በአቶ ባልቻ ሳሎን ቆመው፣ አልቀመጥም ብለው፣ ያዘጋጁትን ረዥም ንግግር ሁሉ ረስተው፣ «ወንድሜ ቢኖር ይህን የሚጠይቅህ እሱ ነበር፤ ዘመድ ሁነን» ብቻ አሉ። አቶ ባልቻ የሚያሺታዎቹ ወሬ ቀድሞ በስልክ ደርሷቸው ስለ ነበር ገና በሩን ከከፈቱ ጀምሮ ሳቃቸውን እየዋጡ ነበር፤ ይህን ሲሰሙ ግን አልሳቁም። ልጃቸውን ሰጡ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። የአዳራሹ ጸሐፊ የሙሽራው ዘመዶች የሚመዘገቡበትን ወረቀት ለጋሽ አስቻለው ሰጠ፤ በወረቀቱም ላይ ያ የጥንት ጠላት፣ «ሰርኔም» የሚለው ሣጥን ነበረበት። ቤተ ሰቡ ሁሉ ጦርነት ጠብቆ ትንፋሹን ያዘ። ጋሽ አስቻለው ግን መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከሩጫ ሜዳ ለመጡት ለኬንጂ፣ ከእሳተ ገሞራው ለወረዱት ለዩታካ፣ አገራቸው ሆነው በሮሃ ስልክ ለታዩት ለሃሩኮ፣ ካባ ለብሰው በፊተኛው ወንበር ለተቀመጡት ለማሳኦ፣ አራት ጊዜ ሳይከራከሩ «ሚያሺታ» ብለው ጻፉ። ዝምድና በሚለው ሣጥን ደግሞ ወንድም፣ ወንድም፣ እኅት፣ አባት አሉ።

እነሆ የጋሽ አስቻለው ክብር! ያልተጣላን ያስታረቁ፣ ያልወለደን አባት ያደረጉ፣ በወገባቸው ድንጋይ የቻሉ፣ በስደታቸው በሃያ ሁለተኛው ዓመት ከሰርኔም ጋር የታረቁ እሳቸው ናቸውና፣ ስማቸው ከኪሊማኒ እስከ ሳውዝ ሲ፣ ከሳውዝ ሲ እስከ ፓርክላንድስ ይመስገን፤ ጥብሳቸው አይረር፤ ድንጋዩም በጓሮው በር ሥር በክብር ይኑር፣ አሜን።